ኩበት፣ ወይራ፣ ብቅል

«ኩበት ኩበት ይላል።»

ይህን ያሉት ጋሼ ናቸው። ብርጭቆውን ከአፍንጫቸው ሳያርቁ። ስድስት ሆነን ተቀምጠናል። ውጭ የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይሰረስራል። ውስጥ ሁላችንም ጋቢ ደርበናል። ጠረጴዛው ላይ ላፍሮይግ አለ፤ አይላ ከምትባል የስኮትላንድ ደሴት የሚመጣ ውስኪ። እኔ ስለ እሱ የተጻፈውን አንብቤ መጥቻለሁ። «የባሕር አረም፣ ጨው፣ ትንሽ ጣፋጭ» ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ብርጭቋችንን መልሰን አሸተትን። እውነትም ኩበት። ማታ ላሞቹ ሲገቡ ከየቤቱ ክዳን ላይ የሚተኛው ጭስ። ጋሼ የሰላሌ ሰው ናቸው፤ በዚያ ጭስ ነው ያደጉት። ግን ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ በጎጃም መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የባሕር አረም ግን ከመካከላችን አሽትቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ማታ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ውስኪ ስናወዳድር ቆይተናል። ማወዳደር የጀመርነው ግን ያን ማታ ይመስለኛል።

ስለ ስብስባችን ትንሽ ልንገራችሁ። እቁብ ነው። በወር አንዴ፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ እኩል እናዋጣለን። ዕጣ የወጣለት ሰው በብሩ አንድ ጠርሙስ መርጦ ያመጣል። ለምን እንደመረጠውም ማስረዳት አለበት። ቤቱ ሱሉልታ ውስጥ የወተት ላም የሚያረባ ጓደኛችን ቤት ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ባለሙያ ናቸው። አንዷ ፋርማሲስት ናት። ሁለቱ ወንድማማቾች ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ታናሽየው አይጠጣም፤ ያሸታል ብቻ። ማታ ወደ አዲስ አበባ ነድቶ የሚመልሰንም እሱ ነው። ከሁላችን የተሻለ አፍንጫ ያለውም እሱ ነው።

እኛ ዘንድ ውስኪ የሚታወቀው በቀለም ነው። የጆኒ ዎከር ሬድ፣ ብላክ፣ ጎልድ፣ ብሉ። ሠርግ ላይ ሬድ ከቀረበ አንድ ነገር ይወራል፤ ብላክ ከቀረበ ሌላ። ጭፈራ ቤት ጠርሙስ የሚያስወርድ ሰው ጠርሙሱን የሚያስወርደው ለአፉ ብቻ አይደለም፣ ለጎረቤት ጠረጴዛም ጭምር ነው። እኔም ብዙ ዓመት ውስኪን እንደ ደረጃ ነበር የማየው። ጣዕሙንማ በምን አውቀዋለሁ? ወይ በኮካ ይበረዛል፣ ወይ በረዶ ይሞላበታል። በአምቦ መጠጣትን አልነቅፍም። ከጥብስ በኋላ ብላክ በአምቦ ዛሬም እወዳለሁ። ሁለት ውስኪ ለማወዳደር ግን አምቦው ዝም ማለት አለበት።

ደረጃው መጀመሪያ የተናጋብኝ ስለ ጆኒ ዎከር ሳነብ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1820 ኪልማርኖክ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ የሸቀጥ ሱቅ ከፈተ። በዚያ ዘመን ከአንድ በርሜል የወጣው ውስኪ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ደንበኛ ደግሞ ትናንት የወደደውን ዛሬም ይፈልጋል። መፍትሔው መቀላቀል ነበር። ልጁና የልጅ ልጆቹ ንግዱን አሰፉት፤ ሬድ ሌብልና ብላክ ሌብል የሚሉት ስሞች እ.ኤ.አ. በ1909 መጡ። ብላክ ውስጥ ከብዙ ፋብሪካዎች የመጣ ውስኪ አለ። ላዩ ላይ የተጻፈው 12 አማካይ አይደለም። ከተቀላቀሉት ውስጥ የመጨረሻው ልጅ እንኳ 12 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ሬድ ላይ ዕድሜ አልተጻፈም። ሕጉ ግን ማንኛውም የስኮትላንድ ውስኪ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ እንዲቆይ ያስገድዳል።

«ሲንግል ሞልት» የሚለውም ግራ ሲያጋባን ነበር። እዚህ ቡና ቤት ገብተህ ሲንግል ካልክ አንድ መለኪያ ነው የሚቀዳልህ፤ ደብል ካልክ ሁለት። ሲንግል ሞልት ግን ከመለኪያ ጋር አይገናኝም። ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የወጣ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ማለት ነው። ይህን ስናነብ ጋሼ «ሞልት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ፋርማሲስቷ «ብቅል» አለች።

ብቅል። እዚህ ላይ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ።

እናቴ ደብረ ብርሃን አረቄ ታወጣ ነበር። እኔና ሦስት እህቶቼ የተማርነው በአረቄ ብር ነው። ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ልጅ ሆኜ «የአረቄ ሻጯ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ቃሉን ከአፌ አራቅኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ ሱሉልታ ጋቢ ለብሼ ስለ ስኮትላንድ ውስኪ ሳወራ እንኳ ስለ እናቴ ማሰሮ አላወራሁም ነበር። ብቅል የሚለው ቃል ከፋርማሲስቷ አፍ ሲወጣ ግን የቤታችን ጓዳ ከነሽታው መጣብኝ።

ገብሱን ትዘፈዝፋለች። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበታለች። ሥሩ ብቅ ሲል ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። አንድ ቀን ከዘገየች ትቆጫለች። ስኮትላንዶችም ያው ናቸው። ገብሱን ነክረው ወለል ላይ ያሰጡታል፤ እንዳይጠላለፍ በአካፋ እየገለበጡ ያበቅሉታል። ዛሬ አብዛኞቹ የበቀለውን ከትልልቅ የብቅል ፋብሪካ ይገዛሉ። እንደ ላፍሮይግና ባልቬኒ ያሉ ጥቂቶች ግን የተወሰነውን አሁንም ራሳቸው ወለል ላይ ያበቅላሉ። ገብሱን የማብቀሉ ምክንያት እናቴም ጋ ስኮትላንዶችም ጋ አንድ ነው። ዘሩ ሊበቅል ሲነሳ የራሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም ያዘጋጃል። እዚያ ላይ በማድረቅ ታስቆመዋለህ። ዘሩ ለራሱ ያሰበውን ስኳር እርሾ ይበላውና አልኮል ይሆናል። እናቴ ኢንዛይም የሚለውን ቃል አታውቅም። መቼ ማስቆም እንዳለባት ግን ሰዓት እንኳ ሳታይ ታውቃለች።

የሚለያዩበትም አለ። ውስኪ ውስጥ ጌሾ የለም፤ እህል፣ ውኃና እርሾ ብቻ ነው። የእናቴ ዕቃ ማሰሮና ሸምበቆ ነበር፤ እንፋሎቱ በሸምበቆው ሄዶ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቀዘቅዛል። የእነሱ ጋን ከመዳብ የተሠራ ነው። መዳቡ ለውበት አይደለም። ከድፍድፉ የሚወጣውን የድኝ ሽታ ይይዛል። ስኮትላንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ያወጡታል። የአየርላንዱ ጄምሰን ሦስቴ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ጉሮሮ ላይ የሚለሰልሰው። ይህን ሳስረዳ ታላቅየው ወንድም «እንግዲህ ስኮች ዳግም ነዋ!» አለ። ልክ ነው። እኛም ተራ አረቄ አለን፣ ዳግም አረቄ አለን። ዳግም ማለት ሁለተኛ እሳት ያየ ማለት ነው።

እናቴ ደግሞ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ለሰው አትሸጥም ነበር። ለብቻው አስቀምጣ ጎረቤት ቁርጥማት ሲይዘው ለማሻ ትሰጣለች። መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ቀጭኑንም ከመሃሉ አትቀላቅልም። ስኮትላንድ ውስጥ ይህ ትልቅ ሙያ ነው። የመጀመሪያው ይለያል፣ የመጨረሻው ይለያል፣ መሃሉ ብቻ ወደ በርሜል ይገባል። የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው ሰው የተከበረ ሰው ነው።

እኔን በጣም የነካኝ ነገር ይሄ ነው። ውስኪም ሲወለድ ነጭ ነው። ከመዳቡ ጋን ሲወርድ እንደ አረቄ ጥርት ያለ ውኃ ይመስላል። ቀለሙን የሚሰጠው በርሜሉ ነው። (አንዳንዶቹ የተቃጠለ ስኳር ቀለምም ይጨምሩበታል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ጠቆረ ማለት አረጀ ማለት አይደለም።) አሜሪካኖች ቦርቦን የሚሉትን ውስኪያቸውን የሚያስቀምጡት ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። አንዴ ከተጠቀሙበት ለቦርቦን አይደግሙትም። አሮጌውን በርሜል ስኮትላንዶች ይገዙታል። ግሌንፊዲክ የሚባለውን የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ስትቀምስ ከሥር የሚመጣው ቫኒላ የሚመስል ጣፋጭነት ብዙውን ጊዜ የዚያ አሜሪካዊ እንጨት ቅሪት ነው።

ዕቃው መጠጡን እንደሚሠራው ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራና በጥንጁት ይታጠናል። ጋኑ በደንብ ያልታጠነ ጠላ በመጀመሪያ ጉንጭ ይታወቃል። «ጭሱ አንሶታል» ይባላል። ስኮትላንዶች ደግሞ ዕቃውን ሳይሆን እህሉን ነው የሚያጥኑት። አይላ ላይ ብቅሉን የሚያደርቁት ፒት በሚሉት ነገር ነው። ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ በደንብ ያልበሰበሰ ሣርና ቅጠል ነው። እየቆረጡ ያወጡታል፣ በነፋስ ያደርቁታል፣ ከዚያ ያነዱታል። መልኩ ጠቆር ያለ ጡብ ይመስላል። ነበልባሉ ትንሽ ነው፣ ጭሱ ብዙ። ጋሼ ኩበት ያሉት ለዚህ ነው። ኩበትም ሣር ነው፤ በላም ሆድ አልፎ የደረቀ ሣር። ማንም ሳይነግራቸው በአፍንጫቸው ደረሱበት።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የተጻፈውን ቀድሞ ማንበብ ከለከልን። እያንዳንዳችን መጀመሪያ የምናውቀውን ሽታ መናገር አለብን። ግሌንፊዲክን የቤቱ ባለቤት «የበሰለ ዘይቱን፣ ልጣጩ አካባቢ» አለው። ጄምሰንን ፋርማሲስቷ «አዲስ ዳቦ ተቆርሶ ትንሽ ማር» አለችው። ላፍሮይግን ጋሼ ኩበት ሲሉ እሷ «አዮዲን፣ ቁስል ላይ የሚደረገው» ብላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ታናሽየው ብላክን አሽትቶ «ማታ የጠፋ ምድጃ ላይ የተረሳ ብርቱካን ልጣጭ» ያለውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሳይጠጣ!

ስለ ዕድሜም ተከራክረናል። በርሜል ይተነፍሳል። ስኮትላንድ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይተንና ይጠፋል። የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ሞቃት አገር ግን መላእክቱ ብዙ ይወስዳሉ፤ አምሩት የሚባለው የሕንድ፣ የባንጋሎር ውስኪ ፋብሪካ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ያጣል። እንጨቱም ቶሎ ይሠራል። ስለዚህ የሕንድ ወይም የታይዋን ውስኪ በጥቂት ዓመት የሚደርስበት ስኮትላንድ ውስጥ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ይህን ሲሰማ ተነስቶ በመስኮት ወደ ሜዳው አየ። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ። «እዚህ አንድ በርሜል ብናስቀምጥስ?» አለ። እኔም በልቤ የማስበው ይህንኑ ነው። ገብስ አለን። አሰላ ለቢራ ብቅል የሚያበቅል ፋብሪካ አለን። ሁለቴ ማውጣትን የሚያውቁ እናቶች አሉን። ያልሞከርነው እንጨቱንና ትዕግሥቱን ብቻ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው በፈቃድና በወግ ቢሞክረው የመጀመሪያውን ጠርሙስ በእቁባችን እገዛለሁ።

አንድ መጥፎ ማታም ነበረን። ታላቅየው ከአንድ ሱቅ የገዛው ጠርሙስ ተመሳስሎ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ካርቶኑ እውነተኛ፣ ጠርሙሱ እውነተኛ፣ ውስጡ ግን የተቃጠለ ስኳርና ጥሬ አልኮል። መጀመሪያ ያወቀው ታናሽየው ነው። «ይሄ ምንም አይሸትም፣ ያቃጥላል ብቻ» አለ። ታላቅየው ግን «ካፈሰስኩበት አይቀር» ብሎ ሊቀምስ ሲል ፋርማሲስቷ ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደችና ማጠቢያው ላይ ደፋችው። ሜታኖል ካለበት ዓይን እንደሚያጠፋ፣ እንደሚገድልም ነገረችን። በአፍንጫ እንደማይለይም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጠርሙስ ለማንም አንሰጥም። መለያውን በቢላ ቧጥጠን ነው የምንጥለው። እባካችሁ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ሐሰተኛው የሚሞላው እኛ በጣልነው ጠርሙስ ነው።

አሁን ወደ ጥቅምቱ ቅዳሜ ልምጣ። ታናሽየው ዓይናችንን በነጠላ አሰረና ስድስት ብርጭቆ በየተራ እጃችን ላይ አስቀመጠ። አምስቱን እናውቃቸዋለን ብሎናል፤ ብላክ፣ ግሌንፊዲክ 12፣ ጄምሰን፣ ጃክ ዳንኤልስ፣ ላፍሮይግ 10። ስድስተኛውን አልነገረንም።

ላፍሮይግን ሁላችንም አወቅነው። ጃክ ዳንኤልስን ሦስታችን አወቅን፤ በከሰል ውስጥ የሚንጠባጠበው በመሆኑ ይሁን አላውቅም፣ ሙዝ ሙዝ ይላል። ብላክን ግን ከአምስታችን አራታችን ጄምሰን አልነው። ዕድሜያችንን ሙሉ በቀለሙ ስናከብረው የኖርነውን ውስኪ ቀለሙ ሲሸፈን አላወቅነውም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ነጠላውን ከዓይናቸው አውርደው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ስድስተኛው እጄ ላይ ሲመጣ አላወቅኩም ነበር። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ድፍድፍ። ማሰሮው ሥር የያዘ እህል። የባሕር ዛፍ ጭስ። እርጥብ የጓዳ መሬት። «ምን ይሸትሃል?» አለኝ ታናሽየው። መናገር አልቻልኩም። «እናቴን» ብቻ አልኩ።

ዳግም አረቄ ነበር። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደንበኛቸው ከአርሲ ነገሌ ያመጣላቸው። እውነቱን ለመናገር ጉሮሮ ይቆርጣል። እንጨት ያላረጋጋው መጠጥ ነው። ለመጠጣት ከሆነ ከስድስቱ አልመርጠውም። ለማሽተት ግን ከሁሉም በላይ ብዙ ነገር የነገረን እሱ ነበር። ያን ማታ ስለ እናቴ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ጋሼ ቀስ ብለው «ታዲያ እስከ ዛሬ መምህራችን አጠገብህ እያለች ስንቱን ስታነብልን ኖርክ» አሉኝ።

ስለ ጃክ ዳንኤልስ ሳነብ ያገኘሁትም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መሥራቹን ጃክን ውስኪ ማውጣት ያስተማረው ናታን «ኒረስት» ግሪን የሚባል በባርነት የኖረ ጥቁር ሰው ነበር። ስሙ ጠርሙሱ ላይ አልወጣም። ድርጅቱ ታሪኩን በግልጽ መናገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው የጃክን ስም እየጠራ የኒረስትን ሙያ ሲጠጣ ኖሯል።

በሚቀጥለው እሑድ ፋርማሲስቷ በንጹሕ የመድኃኒት ብልቃጥ ትንሽ ላፍሮይግ ቀድታ ሰጠችኝ። እናቴ አሁን ለገጣፎ እህቴ ጋ ነው የምትኖረው። አረቄ ካቆመች ብዙ ዓመቷ ነው። አትጠጣም።

«እማዬ፣ ይሄን አሽትልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«አሽትልኝ ብቻ።»

ብልቃጡን ከፍታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ዓይኗን ጨፈነች። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ሁለት እጇን አሽታ እንደገና አሸተተች። ድሮ አረቄውን እንደዚያ ነበር የምትፈትነው፤ ረስቼው ነበር።

«ገብስ ነው» አለች። «ዳግም ነው። ጌሾ የለበትም።»

«ጭሱስ? ጋኑን አጥነውት ነው?»

ራሷን ነቀነቀች። እንደገና አሸተተች።

«የዕቃ ጭስማ ከላይ ይመጣና ይሄዳል። ይሄ ከሥር ነው ያለው፣ እህሉ ውስጥ ገብቷል። ብቅሉን ነው ያጠኑት።» ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። «እርጥብ ሳለ ነው ያጠኑት አይደል? ደርቆ ቢሆን እንዲህ አይገባለትም ነበር።»

አዎ፣ እርጥብ ሳለ ነው አልኳት።

«ምን አንድደው ነው?»

ወንበሩን ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ረግረጉ፣ ስለ ደሴቷ፣ ብቅሉን በአካፋ ስለሚገለብጡት ሰዎች ነገርኳት። እየሰማችኝ መሃል ላይ እጇን አነሳች።

«ቆይ፣ ቆይ። ወለሉ ላይ ስንት ቀን ነው የሚያቆዩት?»